ጓዳቸውን ሳላይ አላምናቸውም፦ በቅርቡ ያነበብኳቸው ልብ ወለዶች

ልብ ወለድ ሳነብ የማይለቀኝ አመል አለ። ሰዎቹ በምን እንደሚኖሩ እጠይቃለሁ። ጀግናው ቆንጆ ይሁን፣ አዋቂ ይሁን፣ ሌሊቱን ሙሉ በፍቅር ይቃጠል፣ ግድ የለኝም። ምሳውን ማን ከፈለለት? የቤት ኪራዩስ? ደራሲው ጓዳውን ካላሳየኝ ሰውየውን አላምነውም።

አመሉ የመጣብኝ ከእማዬ ሱቅ ነው። እማዬ ቀፊራ አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች። የመጋረጃ፣ የሶፋ፣ የድሪያ። ክፍል ከሌለኝ ውሎዬ እዚያ ነው። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ገበያው ጭር ይላል። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ይቅማል። እኔ ጣቃ ተደግፌ አነባለሁ። ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚመጣው የመጀመሪያው ደንበኛ ሁልጊዜ ዋጋ ያጣጥላል። «አቦ ተይ እንጂ፣ ታይዋን ገበያ በግማሹ ነው ያለው» ይላል። ታዲያ እንዲህ እያነበብኩ ያደግኩ ልጅ ሒሳብ ባላሰላ ነው የሚገርመው።

ሰሞኑን ያነበብኳቸውን ልንገራችሁ። አዲስ የታተሙ አይደሉም፤ አዲስ የሆኑት ለእኔ ነው። አንዳንዶቹን ወላጆቻችሁ አንብበው ጨርሰዋቸዋል።

ከሁሉም ብዙ የቆየሁት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ላይ ነው። የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል ድርሰት ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1936 ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ገጣሚና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የአተረጓጎሙ ታሪክ ለብቻው ልብ ወለድ ይወጣዋል። ነቢይ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ነበር። መጻፊያ ወረቀት የለም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እየሰበሰበ ተረጎመበት። ወደ 3000 የሚሆን የፓኮ ወረቀት ነው የፈጀው። ጽሑፉም በድብቅ በዚያው በፓኮው እየሆነ ከእስር ቤት ወጣ።

ይህን ሳውቅ መጽሐፉን አጥፌ ተነሳሁ። ሱቃችን ፊት ሲጋራ የሚያዞረውን ልጅ ባዶ ፓኮ ለመንኩት። «መቼ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ወረቀቷን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋኋት። በአንድ ወገን ብርማ ናት፣ በሌላው ነጭ። በተቻለኝ መጠን ፊደሌን አድቅቄ የመጽሐፉን የመጀመሪያ አንቀጽ ልገለብጥባት ሞከርኩ። አንቀጹ ሳያልቅ ወረቀቷ አለቀች። ደግሞ እስክሪብቶው ይንሸራተታል፤ ትንሽ ጠንከር ካደረግኩት ይቀድዳታል። መጽሐፉን መልሼ ሳየው፣ ውፍረቱ ጡብ ያህላል። ከዚያ በኋላ አንድም ገጽ ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሰውየውን አፈርኩት።

ታሪኩ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ታሪክ ነው። ስካርሌት ኦሃራ መጀመሪያ ላይ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ባለ ጥጥ እርሻ ነው፤ እርሻው ታራ ይባላል። የምታስበው ስለ ቀሚስና ስለ ጎረምሳ ብቻ ነው። እዚህ ድረስ አልወደድኳትም። ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል፣ ሀብቱ ይወድማል፣ ሴትዮዋ በባዶ ጓዳ ትቀራለች። ያኔ ነው መጽሐፉ የእኔ የሆነው።

ታራ 300 ዶላር ግብር ተጣለባት። ካልተከፈለ እርሻው ይሸጣል። ስካርሌት ገንዘቡን አለው ብላ የምታስበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሬት በትለር። እሱ ደግሞ አትላንታ ውስጥ ታስሯል። በተቀዳደደ ልብስ ሄዳ ብትለምነው ችግሯን ያውቅባታል። ስለዚህ የእናቷን የአረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ አሰፋች።

ይህን ቦታ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እማዬ ልብ ወለድ አታነብም። ጨርቅ ሲነሳ ግን ጆሮዋ ይቆማል።

«ከፋይ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ አረንጓዴ ከፋይ።»

ተነስታ ከላይኛው መደርደሪያ ጥቅል አወረደች። አረንጓዴ አልነበረም፤ ቀይ ነው። ጫፉን ገልጣ በመዳፏ ወደ ታች ዳበሰችው፤ ፈካ። ወደ ላይ ዳበሰችው፤ ጨለመ። «አየሽ? ሰፊዋ አቅጣጫውን ካልጠበቀች እጅጌው ሌላ፣ ደረቱ ሌላ ቀለም ይመስላል። ደግሞ መስኮት ላይ የኖረ መጋረጃ እኮ ነው። እጥፋቱን ፀሐይ በልቶታል። ያንን የት ደበቁት?» መልስ አልነበረኝም። «ክብደቱስ?» አለች ቀጥላ፣ «የመጋረጃ ከፋይ ለብሳ ድሬ ብትመጣ በቀትር ትሞት ነበር።»

ሬት በትለርን ቀሚሱ አታሎት ነበር። ሀብታም መስላው ነበር። የነቃባት እጇን ሲይዝ ነው። መዳፏ በሥራ ብዛት ሻክሯል፣ ውሃ ቋጥሯል። እማዬ እዚህ ጋ ዝም አለች። ከዚያ «ቀጥዪ» አለችኝ።

ገንዘቡን ከሬት አላገኘችም። ታዲያ ምን አደረገች? የገዛ እህቷን እጮኛ ፍራንክ ኬኔዲን ዋሽታ አገባችው። ፍራንክ ሱቅ አለው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ባለጌ!» አለች እማዬ። ትንሽ ቆይታ «ግን ግብሩን ከፈለች?»

«ከፍላለች።»

«እንግዲህ...»

ከዚያ በኋላ ስካርሌት የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝታ ራሷ ነጋዴ ትሆናለች። የአትላንታ ሰው ሴት ልጅ እንዴት ትነግዳለች ብሎ ይንጫጫል። ሚስቱ ከእሱ የተሻለ ሒሳብ ስትሠራ ፍራንክ በድንጋጤ ክው ይላል። አሽሌ የሚባለው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የምትወደው ሰውዬ፣ መጽሐፍ ያነበበ ጨዋ ነው፤ ሥራ ላይ ግን እንጨት መሸጥ አይችልም። ስካርሌት ይህን እያየች አለማየቷ አናደደኝ። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ የፍቅር ታሪክ የሷና የሬት አይደለም፤ የሷና የዚያ መሬት ነው። የአሽሌን ሚስት ሜላኒን ግን ወድጃታለሁ። መጀመሪያ ላይ ውሃ ውሃ የምትል ሴት መሰለችኝ። እየቆየሁ ሳይ ከሁሉም ጠንካራዋ እሷ ሆና አገኘኋት።

አሁን ወደ ክፉው። መጽሐፉ ስለ ገንዘብ ያልጻፈው የለም። ግብሩን፣ ብድሩን፣ የእንጨቱን ዋጋ፣ ሁሉን ጽፏል። አንዱን ሒሳብ ብቻ ዘሎታል፤ ታራን ሀብታም ያደረገው ጥጥ በማን ጉልበት እንደተለቀመ። በባርነት የተያዙት ሰዎች ጌቶቻቸውን የሚወዱ፣ ነጻነት ሲመጣ ግራ የሚገባቸው ሆነው ነው የቀረቡት። ማሚ የምትባለው ሞግዚት ስካርሌትን አሳድጋለች፣ ቤቱን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት። የራሷ ሕይወት ግን የላትም። የራሷ ሰው የት እንዳለ፣ ማታ ጋደም ስትል ምን እንደምታስብ ማንም አይነግረንም። ሌሊት ሌሊት ጥቁሮችን የሚያጠቁትን ነጮች ደግሞ ጨዋና ክብራቸውን የሚያስከብሩ አድርጎ ያቀርባቸዋል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ወርውሬ ሁለት ቀን አልነካሁትም። ከሁሉ የባሰ የገረመኝ፣ ስካርሌት ለመሰንጠቂያዋ እስረኞችን ተከራይታ ስታሠራ መጽሐፉ ራሱ ጭካኔውን ያያል። አሽሌ እንኳ ይቃወማታል። ለእስረኛው ያዘነ ብዕር ለባሪያው አላዘነም። አንብቡት። ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ።

የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ከዚያ በኋላ እንደ እረፍት ነበር የጀመርኩት፤ አጭር ስለሆነ። የወጣው በ1962 ነው። አበራ ወርቁ የቢሮ ሰው ነው፣ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ሠዓሊ መሆን ይፈልጋል። ታላቅ ወንድሙ አባተ ደግሞ ትዳር ያዝ፣ ልጅ ውለድ፣ ሰው ሁን እያለ ይወተውተዋል። ጓደኛው ኃይለ ማርያም ደራሲ ነው። ሉሊት ታደሰ አለች፤ የተማረች፣ ቆንጆ፣ በእግሯ የቆመች።

ይህን መጽሐፍ ያነበበ ጓደኛዬ ሁሉ ከአበራ ጎን ነው። ነጻነት ነው፣ ጥበብ ነው፣ ኅብረተሰቡ አላፈናፍን አለው ይሉኛል። እኔ ከወንድምየው ጎን ነኝ። ጋሽ አባተ አሰልቺ ነው፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ስለ ነገ የሚያስብ ሰው እሱ ብቻ ነው። አበራ «ነፍሴ ተጨነቀች» ሲል እኔ «ደሞዝህስ?» እላለሁ። እዚሁ ከዚራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው የሚስል ልጅ አውቃለሁ። ጠዋት ባጃጅ ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይስላል። አበራን ባስተዋውቀው ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ብዬ ደግሞ አንድ ነገር አልክድም። የበዓሉ ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ሲገባ በሁለት መስመር ያሳያችኋል። የዘመኑን የአዲስ አበባ ቡና ቤት፣ ጭሱን፣ ክርክሩን አሸተተኝ። ሉሊትን ብቻ ከራሷ አንደበት ትንሽ በሰማኋት እላለሁ። ስለ እሷ ብዙ ይወራል። እሷ ምን እንደምትል ግን ጆሮዬን አቁሜ መጠበቅ ነበረብኝ።

እግረ መንገዴን ስለ መጽሐፍ ኪራይ። ድሬ ውስጥ መጽሐፍ የምከራይበት ቦታ አለ። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገ ተመልሼ መሄዴ አይቀርም። መታወቂያ አስይዘህ ትወስዳለህ፣ በቀን ታስባለህ። ጥሩ ነገር ነው፤ የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ ዛሬ ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም። ችግሩ መጽሐፎቹ ብዙ እጅ ነክቷቸዋል። የዚሁ የበዓሉን «ኦሮማይ» ከዚያ ወሰድኩ። ልቤ ተሰቅሎ፣ ናቅፋ ተራራ ላይ ጥይት እየተተኮሰ፣ ገጽ ገለጥኩ... ሽፋን! የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሉም። ጭራሽ የቀረው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ አንዱ በእስክሪብቶ «ከዚህ በኋላ አታልቅሱ» ብሎ ጽፏል። ተመልሼ ሄጄ ለባለቤቱ ነገርኩት። መጽሐፉን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝና «አቦ፣ አንቺ የተማርሽ ልጅ አይደለሽ? ገምቺው!» አለኝ። ኪራዩን ግን አልገመተም፤ ሙሉውን ተቀበለኝ።

ቀሪውን ከጎረቤታችን ቅጂ ተውሼ ጨረስኩ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። መጽሐፋቸውን ሲሰጡኝ «ይቺ ልጄ፣ በዚያን ጊዜ ተደብቃ ነው የምትነበብ» አሉኝ። እውነት ነው። «ኦሮማይ» በ1975 እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ከመጻሕፍት መሸጫ ተሰብስቧል። ደራሲው በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ደርግ ኤርትራ ላይ ከከፈተው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አሥመራ ሲወርድ፣ እዚያም ፊያሜታ ጊላይን ሲያፈቅር ነው የሚተርከው። ለእኔ ዓይነት አንባቢ ጓዳው ግልጽ ነው፤ ሁሉንም የሚከፍለው መንግሥት ነው። አውሮፕላኑን፣ ሆቴሉን፣ ውስኪውን። እዚያ ውስኪ ሲቀዳ እዚያ ማዶ ምሽግ ውስጥ ወታደሩ ምን እንደሚበላ እያሰብኩ ነው ያነበብኩት። በዓሉም ያንን እንዳስብ የፈለገ ይመስለኛል። በቅርቡ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ውጭ ሀገር ያደጉ ዘመዶች ላሏችሁ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ቅጠሉ እንዳልጎደለ ብቻ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ያለውን በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኩት። «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ይባላል። ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ። «ስለ ናንተ ሀገር ነው» አለችኝ። የኛ ሀገር ያለችው ሐረርን ነው። ድሬና ሐረር አንድ ይመስሏታል። ይህን ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጮክ ብላ እንዳትናገር መከርኳት።

ደራሲዋ ካሚላ ጊብ ናት። ካናዳዊት ናት፤ ልብ ወለድ ከመጻፏ በፊት ሰውና ባህሉን ልታጠና ሐረር መጥታ ኖራለች። መጽሐፉ እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ወጣ። ሊሊ የምትባል ነጭ ልጅ አለች። ወላጆቿ ሞሮኮ ውስጥ ይገደሉና እዚያው አንድ የሱፊ ሼክ አሳድጓት ሙስሊም ሆና ታድጋለች። ከዚያ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ሐረር ትደርሳለች። ኑሪያ የምትባል ድሃ ሴት ቤት ትቀመጣለች፤ ለልጆች ቁርዓን ታስቀራለች። አዚዝ የሚባል ሐኪም ትወዳለች። ግማሹ ታሪክ ሐረር ውስጥ ነው፤ ግማሹ ለንደን። ለንደን ውስጥ ነርስ ሆናለች። አዚዝን ትጠብቃለች።

ከሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እየኖርክ ሐረርን በእንግሊዝኛ ማንበብ እንግዳ ነገር ነው። ሰው ቤትህን ሲያወራ እንደ መስማት ነው፤ ልክ ሲሆን ትገረማለህ፣ ሲሳሳት ትነሳለህ። የጁገል ጠባብ መንገድ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የሚያወሩት ወሬ፣ በርጫው፣ ሐሜቱ፣ ልክ ነው። በተለይ በርጫው። ወጣቶቹ አዚዝ ጋ ተሰብስበው እየቃሙ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ለውጥ ሲከራከሩ፣ ያ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ጨዋታው መጀመሪያ ይሞቃል፣ መሃል ላይ ሁሉም ሀገር ሊያድን ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ዝም ዝም። ይህን የጻፈ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አይቷል።

ጁገል ያደገችውን ጓደኛዬን ቅዳሜ ሐረር ሄጄ አገኘኋት። መጽሐፉን አስቀድሜ ሰጥቻት ነበር። በዳር በዳር በእርሳስ ተከራክራበታለች። «አው አባድር የት ሄደ?» ብላ ጽፋለች አንድ ቦታ። መጽሐፉ ውስጥ የከተማዋ ታላቅ ወሊ፣ ማለትም ቅዱስ ሰው፣ ቢላል አል-ሐበሽ ነው። ሐረር ሲባል ደግሞ ማንም ቀድሞ የሚጠራው አው አባድርን ነው። «ልብ ወለድ ነዋ» አልኳት። «ልብ ወለድማ ነው፣» አለች፣ «ግን እኔ ስለ ለንደን ብጽፍ ንግሥቲቷን ቀይሬ ባስገባ ዝም ይሉኛል?»

አያቷ ነደባው፣ ማለትም የሐረሪ ቤት መደብ፣ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡናል። ግድግዳው ላይ ስፌቱ በየመልኩ ተሰቅሏል። «ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ። ጓደኛዬ ታሪኩን ጠቅለል አድርጋ ነገረቻቸው። ነጭ ልጅ፣ ቁርዓን የምታስቀራ፣ ጁገል የኖረች።

«ቡና ማፍላት ትችላለች?» አሉ እማማ።

«ትማራለች እማማ» አልኩ።

«እንግዲያው ትቀመጥ።»

እኔም የምፈትነው በዚሁ ነው፤ መጽሐፉ ፈተናዬን አልፏል። ሊሊ እንግዳ ነኝ ብላ አትቀመጥም፤ ሥራ ትካፈላለች። ኑሪያ ልጆቿን ምን አብልታ እንደምታሳድር በየገጹ ይታወቃል። የኑሪያ ዘመድ ጊሽታ ሼክ ጃሚን አግብታ የተሻለ ኑሮ ላይ ናት፤ ሁለቱ ሴቶች ሲቀመጡ የኑሮው ልዩነት በንግግራቸው መሃል ይታያል። ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ቆዳ ጠቆር ያለው አዚዝ ለምን በጎን እንደሚታይ፤ ይህን ሁሉ ጊብ አይታለች። እኛ ራሳችን ጮክ ብለን የማናወራውን። የልጅቷ የቦርቱካን ግርዛት የተጻፈበትን ምዕራፍ አንብቤ መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ሄድኩ። ከዚያ በላይ ስለዚያ ምዕራፍ ማውራት አልችልም።

የለንደኑ ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን አንድ ነገር አለው። ሊሊና ጓደኛዋ አሚና የተሰደዱ ሰዎችን ስም ዝርዝር ይይዛሉ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ሊያገናኙ። ስም፣ ሰፈር፣ ማን ከማን ጋር ታየ። በደርግ ጊዜ ሰው የጠፋበት ቤት እኛ ሰፈር ውስጥም ስላለ፣ ያ ዝርዝር ለእኔ ከፍቅር ታሪኩ በላይ አስጨናቂ ነበር።

በነገራችን ላይ ፊልም ተሠርቶበታል፤ ዳይሬክተሩ «ድፍረት»ን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ፊልሙ ሲወጣ «ኢትዮጵያዊቷን ለምን ነጭ ተዋናይት ሠራቻት?» ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ከጮኹት ውስጥ ገጸ ባሕርይዋ መጽሐፉም ላይ ነጭ መሆኗን ያላወቁ ብዙ ነበሩ። «ሐረርን ለማየት ለምን የግድ የፈረንጅ ዓይን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ያንን ጥያቄ እኔም እጠይቃለሁ። መልሱ ግን ፊልሙን መስደብ ሳይሆን የራሳችንን መጻፍ ይመስለኛል። ጓደኛዬ «አንቺ ጻፊያ» አለችኝ። እሷ ትጻፍ እንጂ! አው አባድርን የምታውቀው እሷ ናት።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዘንድሮ ነው ሙሉውን ያነበብኩት። እስከ ዛሬ የማውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነበር፤ አባቴ በስልኩ ከፍቶ ያዳምጠዋል። በመጽሐፍ ሳነበው ሌላ ሆነ። ሁሉም ሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ያወራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ያሳተሙት መጽሐፍ ግማሹ ስለ ግብር ነው! ፊታውራሪ መሸሻ ጭሰኞቻቸውን ከወትሮው በላይ አምጡ ይላሉ። ጭሰኞቹ እምቢ ይላሉ። ፊታውራሪ ራሳቸው ይዘምቱባቸዋል። መጨረሻው በገዛ ጭሰኛ መማረክ ሆነ። አበጀ በለው የሚባለው መሪያቸው ነው ለእኔ የመጽሐፉ ጀግና። ፊታውራሪ ለጦርነቱ ሲሰናዱ ያለውን ክፍል ሳነብ በሳቅ ፈረስኩ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ያን የሚያህል ሳቅ መኖሩን ለምን ማንም አልነገረኝም?

ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችውም በዚሁ በጓዳ ነገር ነው። አባቷ ለዘሯ የሚመጥን አጡላት። በዛብህ ደግሞ ሊያስተምራት የገባ የድሃ ልጅ ነው። ጉዱ ካሣ ይህን ሁሉ እያየ ይናገራል፤ ስለሚናገር እብድ ይሉታል። ብዙ ሰው ጉዱ ካሣን ይጠቅሰዋል። እኔ ትንሽ በዛብኝ፤ አንዳንዴ ሰውየው ሳይሆን ደራሲው ይናገራል። የመጨረሻውን ክፍል በለሊት ባታነቡት ይሻላል።

ቀረ «ዴርቶጋዳ»። የይስማዕከ ወርቁ፣ በ2001 የወጣው። የጣና ገዳማት፣ ምስጢር፣ ስለላ፣ የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። በኔ ሚዛን ካየነው ወድቋል። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንጀራ እንደሚጋግር አይታወቅም። ሰዎቹ የሚበሉ አይመስለኝም። ንግግራቸውም ሁሉም ፕሮፌሰር ነው። እንዲህ እያልኩ እያማረርኩ ሌሊቱን ሙሉ አንብቤ ጨረስኩት፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት። ጠዋት እማዬ ዓይኔን አይታ «ታመሻል?» አለችኝ። «ራማቶሓራ» ደግሞ ቀጣዩ ክፍል ነው። ኪራይ ቤት ጠይቄ ሰው ይዞታል ተብያለሁ። የያዘው ሰው ይህን ካነበበ እባክህ ቶሎ መልስ፤ የመጨረሻ ቅጠሎቹንም ጭምር።